ከበር የተሠራ ጊታር

እንደምን አመሻችሁ! ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ አትፍሩ፣ ጥያቄ አልጠይቅም። (ሳቅ)

ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር ስጠራ ደንግጬ ነበር። የእኔ ሥራ ጊታር ለመሥራት እንጨት መላግና ማጣበቅ ነው። እንጨት ደግሞ አድምጡኝ አይባልም። ስለዚህ ቃል ሲጠፋብኝ ጊታር አነሳለሁ፤ ታገሡኝ።

ዛሬ ሦስት ጊታር ይዤ መጥቻለሁ። ሁለቱን አሁኑኑ አሰማችኋለሁ። እባካችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። እናንተ እዚያ ጥግ ያላችሁ፣ አያችኋለሁ፣ ጨፍኑ! አንደኛው ይሄ ነው። (ይጫወታል) ሁለተኛው ደግሞ ይሄ። (ይጫወታል) እሺ፣ ግለጡ። ውዱ የትኛው ነው? አንደኛው ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ። እሺ። ሁለተኛውስ? አያችሁ፣ ግማሽ በግማሽ ናችሁ።

የአንደኛው ጀርባ ከሕንድ የመጣ፣ ሮዝውድ የሚባል ውድ እንጨት ነው። ለእንጨቱ የከፈልኩትን ብነግራችሁ ባለቤቴ ትሰማለች። (ሳቅ) የሁለተኛው ጀርባ በር ነበር። አዎ፣ በር! ሰው የሚያንኳኳው፣ ማታ የሚቀረቀረው በር። የማን በር እንደነበረ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ የማወራው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጊታር ላይ የሚዘፍነው የቱ ክፍል ነው? ሁለተኛ፣ ያልተለመደ ቁስ ከየት ይገኛል፣ እንዴትስ ይመረጣል? ሦስተኛ፣ እኔ ያበላሸኋቸው። ሦስተኛው ብቻውን ሌሊቱን ይፈጃል፤ አሳጥረዋለሁ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ልጅ ሆኜ እናቴ ምጣድ ልትገዛ ስትሄድ ታስከትለኝ ነበር። ሻጯ ምጣዷን ታሞግሳለች፤ አፈሩ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተማሰለ። እናቴ አትሰማትም። ምጣዱን በአንድ እጇ ቀና ታደርገዋለች። በሌላው እጇ ጣት ታንኳኳዋለች። ቋ! ቋ! ከዚያ ጆሮዋን ትጥላለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከቆየ ዋጋ ትጠይቃለች። «ዷ» ብሎ ከሞተ ምንም ሳትናገር ታስቀምጠዋለች። ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። ሻጯም ታውቃለች፤ ዝም ትላለች።

እኔም እንጨት ስመርጥ የማደርገው ይሄንኑ ነው። ሳንቃውን ከጫፉ ሩብ ያህል ወረድ ብዬ በሁለት ጣት አንጠለጥለዋለሁ። መሃሉን አንኳኳለሁ። ድምፁ ይቆያል ወይስ ወዲያው ይሞታል? የሚቆይ ከሆነ ስሙ ማንም ይሁን ማን ቤት ይገባል። ስሙን አልጠይቅም። ድምፁን ነው የምጠይቀው።

ለምን? ጊታር ምንድን ነው? ክር ብቻውን ድምፅ የለውም። ቀጭን ነው፤ አየር መግፋት አይችልም። ክሩ ብሪጁን፣ ማለትም ታች ክሩን የሚይዘውን ትንሽ እንጨት፣ ይነቀንቃል። ብሪጁ ፊቱን፣ ያንን ቀዳዳ ያለበትን ሳንቃ፣ ይነቀንቃል። ፊቱ አየሩን ይነቀንቃል። እኛ የምንሰማው ያንን ነው። የብረት ክር በተወጠረበት ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች ተደምረው ወደ 70 ኪሎ ይስባሉ። አንድ ጎልማሳ ሰው ብሪጁ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል በሉት። ያንን የሚሸከመው ፊት ደግሞ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከሥሩ በቀጫጭን እንጨቶች ይደገፋል። ስለዚህ ፊቱ ሁለት የሚጣሉ ጠባዮችን አብሮ መያዝ አለበት፤ ቀላል መሆን አለበት፣ ግትርም መሆን አለበት። ስፕሩስ የሚባለው የብርድ አገር እንጨት የተወደደው ለዚህ ነው። ክብደቱ ትንሽ ነው፤ በቃጫው አቅጣጫ ግን አይበገርም።

ጀርባውና ጎኑስ? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የሚባል ስፔናዊ ነበር። ዛሬ ለምናውቀው የክላሲካል ጊታር መልክ የሰጠው እሱ ነው። ይሄ ሰው እ.ኤ.አ. በ1862 አንድ ጊታር ሠራ። ፊቱን ደህና አድርጎ በስፕሩስ ሠራው። ጀርባውንና ጎኑን ግን በምን ሠራው መሰላችሁ? በካርቶን! በወረቀት! ድምፁ የሚወለደው ፊቱ ላይ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ይሄንኑ ለማሳየት ነው እንዲህ ያደረገው። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ አለ። እስቲ አስቡት፤ በዘመኑ ከእሱ የሚበልጥ ሠሪ አልነበረም፣ ሮዝውድ ማግኘት አይቸግረውም፣ እሱ ግን ካርቶን ያጣብቃል። ጎረቤቶቹ ምን ብለውት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በእኛ ዘመን ደግሞ እንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በወጉ ፈተሹት። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አንድ ሠሪ ስድስት ጊታር ሠራላቸው። ልዩነቱ የጀርባና የጎን እንጨቱ ብቻ ነው። አንዱ እጅግ ውዱ የብራዚል ሮዝውድ ነው፤ ሌሎቹ እንደ ማሆጋኒ፣ ሜፕልና ዋልነት ያሉ ናቸው። 52 ጊታር ተጫዋቾችን ጠሩ። ክፍሉን አደበዘዙት። እንጨቱን እንዳያዩ የበያጅ መነጽር አደረጉላቸው። የበያጅ መነጽር! ተጫዋቾቹ ለስድስቱም የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ሆነ። ውዱ እንጨት ከርካሹ ተለይቶ አልወጣም።

ጀርባ ዋጋ የለውም እያልኩ ነው? አይደለም። ክብደት አለ፣ ጥንካሬ አለ፣ ለእኔ ጆሮ ትንሽ ልዩነትም አለ። ግን ብልሃቱን ያዙልኝ፤ ማበድ የፈለገ ጀርባው ላይ ይበድ! ፊቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንገቱ ላይ ደግሞ በጣም፣ በጣም ተጠንቀቁ። እኔ ያልተጠነቀቅኩበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ወደ ሁለተኛው። «ያልተለመደ ቁስ» ስንል የፈረንጅ ነገር ይመስለናል። ፈረንጅ በካርቦን ፋይበር ሠራ፣ በፋይበርግላስ ሠራ እንላለን። እውነት ነው፣ ሠርቷል። ኦቬሽን የሚባለውን ክብ ጀርባ ያለውን ጊታር የጀመረው ሄሊኮፕተር የሚሠራ ሰው ነው፤ ቻርልስ ካማን ይባላል። ግን የእኛን ክራር ሠሪዎች አይታችኋል? እንጨት ሲጠፋ የብረት ሳህን አንስቶ ቆዳ ይወጥርበታል፤ ያው ክራር ነው፣ ይዘፈንበታል። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ማንም ጥናት አላቀረበም። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. በ1927 ነው ናሽናል የተባለውን ባለ ብረት ገላ ጊታር ያወጡት። ውስጡ ሦስት የአሉሚኒየም ሾጣጣዎች አሉበት። ማጉያ ባልነበረበት ጊዜ ከነሐስ መሣሪያዎች ጋር ሲጫወት ጊታሩ እንዲሰማ ብለው ነው። ስለዚህ የሳህን ክራር የሚሠራ ሰው ብታገኙ አትሳቁበት።

አሁን እንጨታችንን እንይ። ዋንዛን ታውቃላችሁ፤ ፍሬውን በልቶ አፉ ያልተጣበቀ ልጅ የለም። በገና ሠሪዎች ይወዱታል፤ የቤት ዕቃ ሠሪውም ይወደዋል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። የውጭ ጊታር ሠሪዎች የሚሞቱለት ዚሪኮቴ የሚባል እንጨት አለ። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ይመጣል። ዚሪኮቴና ዋንዛ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው፤ የአክስት ልጆች በሏቸው። እነሱ የአክስቱን ልጅ በዶላር ይገዛሉ፤ እኛ ዋንዛውን ቁም ሣጥን እናደርገዋለን። (ሳቅ) እርግጥ ዚሪኮቴ ይበልጥ ከባድና ጥቁር ነው። ዋንዛ ቀለል ይላል። ለእኔ ግን ቅለቱ ጥቅም ነው።

ታዲያ ሄጄ ዋንዛ ልቁረጥ? አትቁረጡ! በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ባይከለከልስ? ለአንድ ጊታር ብላችሁ ትልቅ ዛፍ ትጥላላችሁ? ለጀርባና ለጎን የሚያስፈልገኝ እኮ ጥቂት ሳንቃ ነው። ጎኑ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው ውፍረቱ።

እኔ ዋንዛ የማገኘው ከፈረሰ ቤት ነው። ከበር፣ ከመቃን፣ ከአሮጌ አልጋ። ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ። ሰፈር ውስጥ «ቆራሌው!» ሲባል ከሰማሁ ሥራዬን ጥዬ እወጣለሁ። ቆራሌዎቹ አውቀውኛል። መጀመሪያ ላይ «ጋሼ፣ እንጨት ለማገዶ ነው?» ይሉኝ ነበር። አሁን «ጋሼ፣ የሚያንኳኩት አለ» ይሉኛል።

የአሮጌ እንጨት ጥቅሙ ምንድን ነው? ያለቀሰውን አልቅሶ ጨርሷል። ስንት ክረምት አብጧል፣ ስንት በጋ ተኮማትሯል። አዲስ እንጨት ግን ገና ጠባዩን አላወጣም። ጉዳቱስ? ሚስማር! ውስጡ የተቀበረ አሮጌ ሚስማር አለ። ያላየኸው ሚስማር የመላጊያህን ስለት አንዴ ከገመሰው ቀንህ አለቀ። ስለዚህ ማግኔት ይዛችሁ ዙሩት። ቀዳዳውንስ ምን እናድርገው? አሜሪካ ውስጥ ቦብ ቴይለር የሚባል ታዋቂ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተጣለ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ጊታር ሠራ። የሚስማር ቀዳዳዎቹን አልደበቃቸውም። በአሉሚኒየም ሞልቶ እንደ ጌጥ አሳያቸው። ፍሬትቦርዱ ላይ፣ ማለትም ጣት ክሩን የሚጫንበት የአንገቱ ፊት ላይ፣ ደግሞ ፓሌት የሚያነሳውን መኪና፣ ፎርክሊፍት ሣለበት! እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ቀዳዳ መደበቅ ተውኩ።

ስለ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ልበል። ግራቪሊያ፣ ይሄ ቡና ላይ ለጥላ የሚተከለው፣ በትክክል ሲሰነጠቅ ፊቱ ላይ እንደ ዳንቴል ያለ ነገር ያወጣል፤ ለጀርባ ግሩም ነው። ወይራ ለፍሬትቦርድ ጠንካራ ነው፣ መጋዝ ያሰለቻል፣ ሲደርቅ መሰንጠቅ ይወዳል። ወይራ በላግኩ ቀን ወርክሾፑ ጠላ ቤት ይሸታል። ጎረቤቶቼ «ዛሬ ጋን እየታጠነ ነው?» ብለው ብቅ ይላሉ። የማንኛውም እንጨት ብናኝ ግን ለሳንባ ጠላት ነው፤ ጭንብል አድርጉ። ይሄን የምለው ሳላደርግ ስንት ዓመት ስስል ስለከረምኩ ነው።

አጥንትን ሳልናገር አላልፍም። ክሩ የሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ከአንገቱ ጫፍ፣ አንዱ ብሪጁ ላይ። ፋብሪካ ፕላስቲክ ያደርግባቸዋል። እኔ ሥጋ ቤት እሄዳለሁ። መጀመሪያ ቀን ቅልጥም ስጠይቅ «ለሾርባ ነው?» አለኝ። «ለጊታር ነው» አልኩት። ቢላዋውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየኝ። (ሳቅ) መቅኑን አውጡ፣ ቀቅሉት፣ ግን አታብዙ፤ ከበዛበት ይሰባበራል። በሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ ቅባቱን አስለቅቁት። በደንብ ይድረቅ። ስትሞርዱት የሚሸተውን ሽታ አልነግራችሁም፤ ብቻ መስኮት ክፈቱ። ቀንድም ሞክሬያለሁ፤ ከአጥንት ለስላሳ ነው፣ ክሩ ቶሎ ይቦረቡረዋል። ለጌጥ ግን የቀንድን መልክ የሚያህል የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፤ ወደ ኀፍረቴ። ይሄን ጊታር እዩት። (ሦስተኛውን ያነሳል) ፊቱ የፍየል ቆዳ ነው። «የአገር ድምፅ ያለው ጊታር» ልሠራ ብዬ ነው። ክራር በቆዳ ይሠራል፣ በገና በቆዳ ይሠራል፣ ጊታር ለምን አይሠራም? ጥሩ ጥያቄ ይመስላል አይደል? የብረት ክር ወጠርኩበት። በመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር። ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ። በሁለተኛው ቀን ብሪጁ አጎነበሰ። በሦስተኛው ቀን ቆዳው ከብሪጁ ሥር ተቀደደ።

ስህተቱ ምን ነበር? ቆዳው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ክራር ላይ ክሩ የሚታሰረው ታች፣ ገላው ላይ ነው። ብሪጁ ቆዳው ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ታች ይጫናል እንጂ አይጎተትም። የእኔ ጊታር ብሪጅ ግን ፊቱ ላይ የተጣበቀ ነው። 70 ኪሎው በሙሉ ብሪጁን ይገለብጠዋል። ቆዳ ያንን አይችልም። አባቶቻችን ይሄን ያውቁ ነበር፤ እኔ ቆዳውን ወስጄ ዕውቀቱን ትቼው መጣሁ። በኋላ ክሩን እንደ ክራር ታች አሰርኩት። አሁን ይቆማል። ግን ዝናብ ሲመጣ ቆዳው ይላላል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይወጠራል። ስትቃኘው ትውላለህ። ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ትዕቢት ሲሰማኝ አየዋለሁ።

ሁለተኛው ጥፋቴ አንገት ነው። ባሕር ዛፍ። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የትም አለ። ለምን አይሆንም አልኩ። በመዝሙር ቡድን ውስጥ የሚጫወት አንድ ወጣት አዘዘኝ፤ አንገቱን በባሕር ዛፍ ሠራሁለት። ባሕር ዛፍ ውስጡ ውጥረት አለ፤ በተለይ ገና ልጅ ሆኖ የተቆረጠው። ሲሰነጠቅ ራሱ ይጎብጣል፤ አናጢ የሆነ ያውቃል። በአራት ወሩ ልጁ ይዞት መጣ። አንገቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል። ልጁ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት መሰለኝ» አለኝ። ያ ነው ያቃጠለኝ! ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ሌላ ሠርቼ ሰጠሁት፤ ሳንቲም አልተቀበልኩም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የእንጨቱም አይደለም፤ የወሩ ነው። በነሐሴ፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ባበጠበት፣ ጀርባ አታጣብቁ። በጥር ሲደርቅ መሸሽ ይፈልጋል፤ ኮላው አይለቀውም፤ መሃል ለመሃል ቿ ይላል። እኔ በክረምት አንገት እቀርጻለሁ፣ አጥንት እሞርዳለሁ፤ ሣጥኑን የምዘጋው ከመስቀል በኋላ ነው። አልጋ ወራሽ ቢያዘኝ ከመስቀል በኋላ ነው። (ሳቅ)

አንዲት እህት ስገባ በር ላይ «ለደንበኛ ይነግሩታል ወይ?» ብላኛለች። እነግረዋለሁ፤ ከመጀመሩ በፊት። «የፈረሰ ቤት እንጨት ነው፣ ቀዳዳ አለው፣ ስትሸጠው እንደ ሮዝውድ ዋጋ አያወጣም» እለዋለሁ። ግማሾቹ ይሄዳሉ። ይሂዱ።

እሺ፣ በሩ። ረሳሁት እንዳትሉኝ።

ያደግኩበት ሰፈር ፈርሷል። ጎረቤታችን አንድ እናት ነበሩ፤ እማማ ነው የምንላቸው። አባቴ ሲሞት ሰባት ቀን ሙሉ ቡና ያፈሉልን እሳቸው ናቸው። ቤታቸው የፈረሰ ዕለት ደረስኩ። ዕቃው ተጭኗል። በሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰማያዊ በር፤ ቀለም በቀለም ላይ ተቀብቶ ወፍሯል። ልማድ ሆኖብኝ ቁጭ አልኩና አንኳኳሁት። ያ ሁሉ ቀለም ተጭኖትም ድምፁ ይወጣል። «እማማ፣ ልውሰደው?» አልኳቸው። «ውሰደው ልጄ፤ እኔ የምሄድበት ኮንዶሚኒየም የብረት በር አለው» አሉኝ።

ቀለሙን መፋቅ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡናማ፤ ከዚያ ዋንዛው ብቅ አለ፤ ማር የመሰለ። የመቀርቀሪያው ቀዳዳ ከጀርባው ከፍ ብሎ ይታያል፤ በአጥንት ሞልቼዋለሁ፤ በኋላ መጥታችሁ እዩት። ፊቱ ስፕሩስ ነው፤ እዚያ ላይ አላበድኩም።

ሲያልቅ ይዤላቸው ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸው እሺ ስለማይል ብዙም አይወርዱም። ተጫወትኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «እስቲ አምጣው» አሉኝ። ገልብጠው ጭናቸው ላይ አስተኙት። በመዳፋቸው ዳሰሱት። የመቀርቀሪያዋ ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቀና አሉና አዩኝ። ከዚያ ጣታቸውን አጥፈው ጀርባውን ሦስት ጊዜ አንኳኩ።

«ቤቶች!» አሉ።